ሦስቴ ካልጠሩኝ አለሁ አልልም

ከኮኪት ወጣ ብሎ፣ በሦስት ወገን ማሽላ፣ በአንድ ወገን ወደ አስፋልት የሚያወጣ ጥርጊያ መንገድ የሚያዋስነው ትምህርት ቤት አለ። ስሙን አልነግራችሁም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ስም መጥራት እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም፤ ለምን እንደሆነ ቆየት ብሎ ይገባችኋል። በዚያ ትምህርት ቤት፣ ሰሊጡ ተራግፎ ማሽላው ገና ሳይታጨድ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ስማቸው ሲጠራ መመለስ አቆሙ።

የክፍሉ ኃላፊ መምህር ሰሎሞን ጉሮሮው የሚያመው ሰው ስለሆነ፣ ተማሪውም ስለበዛበት፣ ስም የሚጠራው በሞንታርቦ ነው። ሞንታርቦው ለክትባት ዘመቻ መጥቶ ሳይመለስ የቀረ አሮጌ ነገር ነው። በባትሪ ይሠራል፤ ሲፈልግ ያንኮራፋል፤ ሲፈልግ ድምፁ ማሽላውን ሰንጥቆ ማዶ ያሉት አጫጆች ዘንድ ይደርሳል።

«ኡመይር!» አለ መምህር ሰሎሞን። ኡመይር ፊት ለፊቱ ቆሟል፤ ዓይኑን አፍጥጧል፤ አፉን ግን ገጥሟል። «ባየሽ!» ባየሽ አቀርቅራ መሬት መሬቱን ታያለች። ከእነርሱ በኋላ የተጠሩትም እንደዚያው። መምህሩ አድማ መሰለውና አንበረከካቸው። ተንበርክከውም ዝም። በማግስቱ ጥቂቶቹ ከቤት ቀሩ፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ክፍሉ ተጋመሰ። ይኼኔ ነው ርእሰ መምህሩ «በሉ እፀገነትን ጥሩልኝ» ያለው።

እፀገነት የትምህርት ቤት የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ባለሙያ ይመደብ ይላል ደንቡ። ደንቡን የጻፈው ሰው ቆላ ወርዶ የሚያውቅ አይመስለኝም። የተማረ ሰው እዚህ ሙቀት ውስጥ፣ እዚህ ድንበር ላይ፣ በዚህ ደመወዝ አይከርምም፤ የመጣውም ሻንጣውን ሳይፈታ ዝውውር ይጠይቃል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱም ቸግሮት እፀገነትን ከሸሕዲ እስከ መተማ ዮሐንስ ላለው ትምህርት ቤት ሁሉ ዳራት። እርሷም ጥላዋን ይዛ፣ ሲገኝ በባጃጅ፣ ሲታጣ በጭነት መኪና ጋቢና፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ትዞራለች። ደምቢያ ተወልዳ ጎንደር የተማረች፣ ቀጠን ያለች፣ ሳቋ ቶሎ የሚመጣ ሴት ናት። አንድ ነገር በደንብ ትችልበታለች፦ የሚያለቅስ ልጅ አጠገብ ምንም ሳትናገር መቀመጥ።

በፊት ሁለት ነበሩ። መተማ ዮሐንስንና አካባቢውን የሚይዘው ካሌብ የሚባል ባልደረባዋ ነበር። መንገዳቸው ሲገጥም ሸሕዲ መናኸሪያው አጠገብ ምሳ ይበላሉ፤ እርሱ ያበሽቃታል፣ እርሷ ትስቃለች። ሌላው ሰው ሁሉ «ቲቸር» ወይም «እህት» ሲላት፣ ካሌብ ግን ሙሉ ስሟን፣ መጨረሻዋን ፊደል ጎተት አድርጎ ነው የሚጠራት። ትወደው ነበር ወይስ ለምዳው ነበር፣ ራሷም ለይታ አላወቀችውም። ድንበሩ ማዶ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የሚሻገሩትን ልጆች ሲያዳምጥ የሚውለው ካሌብ ነበር። እርሱን የሚያዳምጥ ግን አልነበረም።

ዓምና፣ ልክ በዚህ በማሽላው ወቅት፣ ካሌብ በቀትር ከባጃጅ ወርዶ እዚሁ ትምህርት ቤት ጎን ባለው አቋራጭ ሲገባ ታየ። ሲወጣ ያየው የለም። የሚያንገበግበው ግን ይኼ አይደለም። የሚያንገበግበው፣ ሳምንታት አልፈው የጠየቀ ሰው አለመኖሩ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ሥራ ለቀቀ አለ። ትምህርት ቤቶቹ ተዛወረ አሉ። እፀገነት ደግሞ ሳይሰናበተኝ ሄደ ብላ አኩርፋ ነበር። በኋላ ቦርሳው ተገኘ፤ ማሽላው ዳር አንድ የአጥር እንጨት ላይ፣ ሰው ከሥራ ገብቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ እንደሚሰቅለው ተሰቅሎ። ድንበሩን ተሻግሮ ጋላባት ገብቷል የሚሉ አሉ። እኔ እንጃ።

ማኅበራቸው የነቃው ያን ጊዜ ነው። የትምህርት ቤት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ማኅበር አላቸው፤ ማኅተም ያለው፣ በዓመት አንዴ ጎንደር ላይ አዳራሽ ተከራይቶ ለአባላቱ ቲሸርትና የታሸገ ውኃ የሚያድል ማኅበር። ቲሸርቱን አልንቅም፤ ለመኝታ ይሆናል። በዚያ ዓመት ስብሰባ ላይ ግን ጋሼ ባንተአምላክ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አባል እጃቸውን አወጡ።

«ስለ ሰው ጭንቀት ለመምከር ተሰብስበን» አሉ፣ «ከመካከላችን አንዱ ሲጎድል አላየንም። ብዙ ብንሆን ኖሮ አንድ ሰው ቢጠፋ አይታወቅም ይባል ነበር። እኛ ግን በጣት የምንቆጠር ነን። በጣት ከሚቆጠር ላይ አንድ ሲጠፋ እንዴት አይታወቅም?»

አዳራሹ ውስጥ ውኃ የሚጠጣ እንኳ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ነው የረቡዑ ጉባኤ የተጀመረው። ረቡዕ በቀትር፣ የጠዋቱ ፈረቃ ወጥቶ የከሰዓቱ ሳይገባ፣ በየወረዳው ብቻቸውን የሚሠሩት ባለሙያዎች ሁሉ በስልክ አንድ መስመር ላይ ይገናኛሉ። ጋሼ ባንተአምላክ ከጎንደር ሆነው ስም ይጠራሉ፤ የተጠራው «አለሁ» ይላል። ከዚያ ስለ ተማሪ ከመወራቱ በፊት እያንዳንዱ ስለ ራሱ ይጠየቃል፤ «አንተሳ? አንቺሳ?» ከዚያ በኋላ ነው የከበደውን ነገር አምጥቶ መመካከር። ሌላም ደንብ አወጡ። እያንዳንዱ አባል በአቅራቢያው ያለ አንድ ሰው ስልክ ያስመዘግባል። ስሙ ተጠርቶ ያልመለሰ ሰው ዝም ተብሎ አይታለፍም፤ ጉባኤው ከመስመሩ ሳይወጣ ያ ሰው ይደወልለትና ወጥቶ ይፈልጋል።

እፀገነት ያስመዘገበችው እትዬ ዘሀቢያን ነው። ዘሀቢያ ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ሱቅ አላት፤ ከስኳር እስከ ሸበጥ፣ ከባትሪ ድንጋይ እስከ ሱዳን ሽቶ ትሸጣለች። ኡመይርና ታላቅ እኅቱ ሩፊዳ፣ ሁለቱም አምስተኛ ክፍል ናቸው፣ የእርሷ ልጆች ናቸው። በዚያ አካባቢ ኔትወርክ የሚገኘው በሱቋና በበረንዳው ላይ ብቻ ስለሆነ፣ እፀገነት ረቡዕ በመጣች ቁጥር የዘሀቢያን በርጩማ ይዛ እዚያ ትቀመጣለች። እንግዲህ ደንቡ ይኼን ያህል አምሮ ሳለ፣ «አንቺሳ?» ስትባል መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር። «እኔ ደኅና ነኝ ጋሼ፤ ወደ ልጆቹ ልግባ።» ሰው ሲያክም የሚውል ሰው መታመም ያፍራል።

ልጆቹን ለማየት በመጣች ዕለት ሩፊዳን ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር አገኘቻት። አጠገቧ ተቀመጠች፤ ምንም አልጠየቀችም። ሩፊዳ ብዙ ጊዜ በእንጨት መሬቱን ስትጭር ቆየች።

«ቲቸር» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስማችንን ለምዶታል።»

«ማን?»

ሩፊዳ በአገጯ ወደ ማሽላው ጠቆመች። «በሞንታርቦው ስንጠራ ይሰማል። እኛም አለሁ ስንል ይሰማል። አሁን ሁላችንንም ያውቀናል።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከደጋ ለሥራ የወረደ አንድ አጫጅ በቀትር ስሙን ተጠርቶ «አቤት!» ብሎ ማሽላው ውስጥ ገባ አሉ፤ ጓደኞቹ ያገኙት ማጭዱን ብቻ ነው። ይኼን ወሬ ልጁ ሁሉ ሰምቷል። እውነት ይሁን ተረት ያጣራ የለም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ኡመይር ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከማሽላው ውስጥ ተጠራ።

«በማን ድምፅ?» አለች እፀገነት።

«በእማ ድምፅ።» ሩፊዳ እንጨቱን መሬት ላይ ተክላ ያዘችው። «እማ ግን እኔ ጋ ሱቅ ውስጥ ስኳር ትመዝን ነበር። ኡመይር እጁን ነክሶ ሮጠ። ምልክቱ አለ፣ ይዩት ቢፈልጉ።»

እፀገነት ቀና ብላ ማሽላውን አየችው። እርሷም የደምቢያ ልጅ ናት፤ «የመጀመሪያውን ጥሪ አቤት እንዳትዪ» እየተባለች ነው ያደገችው። ያ ነገር መጥራት የሚችለው አንዴ ብቻ ነው፤ መድገም አልተሰጠውም። ሰው ከሆነ ይደግማል፣ ይሠልሳል። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ትምህርት ይኼን ነገር ከውስጧ አላወጣውም፤ ከላዩ ነው የተደረበው።

በረቡዑ ጉባኤ ነገሩን አመጣችው። አንዷ «ወፍ ጠባቂ ይሆናል እኮ የሚጮኸው» አለች። ሌላው «የለም ብለሽ ቁርጡን ንገሪያቸው፤ ፍርሃት ተላላፊ ነው» አለ። ጋሼ ባንተአምላክ ሁሉንም አስጨርሰው ሲያበቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የለም ካልሻቸው፣ አንቺንም ከማይሰሟቸው ሰዎች ጋር ይደምሩሻል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አይነግሩሽም። ልጆቹ የሚሉሽ ስማችን ይጠበቅልን ነው። ጠብቂላቸው። እንዴት እንደሚጠበቅ እነርሱም ያውቃሉ፣ አንቺም የአገሩ ልጅ ነሽ፣ አይጠፋሽም።»

«ልጆቹ ሦስት ሦስት ጊዜ ይጠሩ?»

«እንግዲህ ሞክሪው።»

መምህር ሰሎሞን ሲሰማ እጁን አናቱ ላይ ጫነ። «ያን ሁሉ ልጅ ሦስት ሦስቴ? ለፋሲካ ልጨርስ ነው!» ቢሆንም ልቡ ደግ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ሞንታርቦውን አንሥቶ «ኡመይር!» አለ። ዝም። «ኡመይር!» ዝም። ሦስተኛውን «ኡመይር!» ሲል፣ ያ ትንሽ ልጅ ሁለት እጁን ጨብጦ፣ አንገቱ ሥሩ እስኪገተር «አለሁ!» ብሎ ጮኸ። ተማሪው ሁሉ ሳቀ፤ መምህሩም ሳቀ። የቀሩት ልጆች አንድ በአንድ ተመለሱ። አንዳንዶቹ ጭራሽ ጨዋታ አድርገውት፣ እናቶቻቸው ለምሳ ሲጠሯቸው ሳይቀር «ሦስቴ ካልጠራችሁኝ አለሁ አልልም» ማለት ጀመሩ።

ማኅበሩ መስመር ላይ አጨበጨበላት። «አንቺሳ?» አሉ ጋሼ ባንተአምላክ። «ደኅና ነኝ ጋሼ።»

ደኅና አልነበረችም። ልጆቹ በተመለሱ ሰሞን፣ ወደ አስፋልቱ ለመውጣት በአቋራጩ ስትሄድ፣ ማሽላው ከራሷ በላይ ቆሞ፣ ነፋስ እንኳ በሌለበት ቀትር፣ ግሪሳው ወፍ በአንድ ጊዜ ዝም አለ።

«እፀገነት።»

አንዴ ብቻ። ረጋ ብሎ፣ መጨረሻዋን ፊደል ጎተት አድርጎ።

ቆመች። ሁለተኛውን ጠበቀች። አልመጣም። ግሪሳው ወደ ጩኸቱ ተመለሰ፤ እርሷም አስፋልቱ ላይ ወጣች። ድካም ነው አለች። ፀሐይ ነው አለች። ለተማሪ ቢሆን ኖሮ «ከማን ጋር ተነጋገርሽበት?» ትል ነበር፤ ለራሷ ግን አላለችም።

በቀጣዩ ሳምንትም ሰማችው። ከዚያም ወዲያ። ሁልጊዜ በቀትር፣ ሁልጊዜ አንዴ ብቻ፣ ሁልጊዜ በካሌብ ድምፅ። የሚያስፈራው ግን፣ እያደር መፍራቷን መተዋ ነው። ያ አገር ሁሉ ቲቸር ሲላት፣ ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያዋ ሲላት፣ ከረቡዑ ስልክ በቀር ስሟን በስሟ የሚጠራት ያ ማሽላ ብቻ ሆነ። በሌላ መንገድ መሄድ ትችል ነበር፤ በአቋራጩ ትሄዳለች። አንዳንዴ ሳትጠራ ስታልፍ ቅር ይላት ጀመር። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ነበር ነገሩ። በረቡዑ ጉባኤ ግን አሁንም ደኅና ነኝ ነው መልሷ፤ ምን ትበል? ልጆችን ከዚህ ነገር ያወጣች ባለሙያ፣ እኔንም ይጠራኛል ብትል ማን ያምናታል፣ ማንስ ልጁን ይሰጣታል? እንዲህ ነው ያሰበችው፤ ተሳስታለች።

አንድ ረቡዕ ጠዋት አንዲት ተማሪ ስለ አባቷ የነገረቻትን ስትሰማ ቆየች። እዚህ አልደግመውም። ልጅቷ ስትጨርስ እፀገነት አላለቀሰችም፤ ማልቀስ እንኳ አልመጣላትም፤ ውስጧ ባዶ ቤት ሆነ። ወደ ዘሀቢያ ሱቅ ሄደች፤ ባትሪው ያለቀውን ስልኳን ሰጠቻት።

«ቻርጅ አድርጊልኝ እትዬ።»

«ስብሰባሽ ደርሷል እኮ። ወዴት ልትሄጂ ነው?»

«መጣሁ።»

ዘሀቢያ በኋላ ስትናገር፣ «መጣሁ ስትል ፊቷ መጣሁ አይልም ነበር» ትላለች። ያን ጊዜ ግን ገዢ ነበረባትና ስኳር መመዘኗን ቀጠለች።

እፀገነት ወደ አቋራጩ ገባች። ብዙ ሳትርቅ ወፉ ዝም አለ።

«እፀገነት።»

ከግራዋ ነበር፤ ቅርብ። መንገዱን ትታ ገባች። የማሽላው ቅጠል ክንዷን ይልጋል፤ ጥላዋ ተያዘባትና እዚያው ተወችው። ከውስጥ ሙቀቱ የምድጃ ነው። ትንሽ እንደ ሄደች አገዳው ክብ ሆኖ የተኛበት ቦታ አገኘች፤ ሰው ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ የከረመበት ይመስላል። መሬቱ ላይ ዱካ የለም። ፊት ለፊቷ ያለው ማሽላ፣ ነፋስ ሳይኖር፣ ገለል እንደሚልላት ሁሉ ወዲያና ወዲህ ዘመመ። አቤት ለማለት አፏን ከፈተች። የሚገርመው፣ ደስ ብሏት ነበር።

በዚያው ሰዓት ዘሀቢያ ሱቅ ውስጥ የእፀገነት ስልክ ይጮኻል። ዘሀቢያ የሰው ስልክ አታነሣም፤ ነውር ነው። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ቀጥሎ የራሷ ስልክ ጮኸ።

«ወይዘሮ ዘሀቢያ» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ «ባንተአምላክ እባላለሁ፤ ከጎንደር ነው። እፀገነት ስሟ ተጠርቶ አልመለሰችም። የት ናት?»

ዘሀቢያ ቀና ብላ አቋራጩን አየችው። ባዶ ነው። ሚዛኑን ከነስኳሩ ትታ፣ ስልኩን ሳትዘጋ ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ፣ ነጠላ ጫማዋ እየወለቀ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠች። ከጠዋቱ ፈረቃ ወጥተው ገና ወደ ቤት ያልሄዱት የአምስተኛ ክፍል ልጆች ሜዳው ላይ ነበሩ። ነገሩን ለማስረዳት ብዙ ቃል አላስፈለጋትም። ኡመይር ከመምህራን ክፍል ሞንታርቦውን ተሸክሞ ወጣ።

«ስማቸው ማነው?» አለች ሩፊዳ። ለካ ቲቸር ከማለት በቀር ከልጆቹ አንዱም ስሟን ጠርቶ አያውቅም።

«እፀገነት» አለች ዘሀቢያ።

ማሽላው ውስጥ እፀገነት አፏን እንደ ከፈተች ነው የደረሰባት። ከጀርባዋ፣ ከሩቅ፣ የሚያንኮራፋ፣ የብዙ ልጆች ድምፅ።

«እፀ-ገነ-ት!»

ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ቀረ። ፊት ለፊቷ ያለው ማሽላ መዝመሙን አቆመ።

«እፀ-ገነ-ት!»

ሁለተኛው ነው። ከዚያ ሞንታርቦው አንዴ አቃሰተና ጸጥ አለ። ጠበቀች። ሦስተኛው አልመጣም። ለልጆቹ ያስተማረችው እርሷ ናት፤ ሦስተኛው ሳይጠራ አለሁ አይባልም። በሁለተኛው አለሁ ብትል ለማን እንደምትል አታውቅም። እግሯን ማንሣት አልቻለችም። ፊት ለፊቷ ያለው ነገርም የሚጠብቅ መሰላት፤ እርሱም እንደ እርሷ የሚቆጥር መሰላት። ያን ጊዜ በእውነት ፈራች፤ ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መኖር የሚፈልግ ሰው እንደሚፈራ ፈራች።

«እፀገነት።»

ከጀርባዋ፣ ከትከሻዋ አጠገብ ነው የመጣው። በሞንታርቦ አይደለም። ረጋ ብሎ፣ መጨረሻዋን ጎተት አድርጎ።

«አለሁ!» ብላ ጮኸች፤ ዞረችም። ማንም የለም። ቅጠል እየቆረጣት፣ አገዳ እየረገጠች፣ ወደ ጥሪው ሮጠች፤ ከዚያም የሜዳው ብርሃን ዓይኗን ወጋው።

ዘሀቢያ ያዘቻት፤ እያቀፈች ትመታታለች፣ እየመታች ታቅፋታለች። «ኧረ አንቺ ልጅ! ወላሂ ልቤን ልታቆሚው! ያ የተረገመ ደግሞ ሁለቴ ስንጠራበት ባትሪው ሞተ፤ ባትሪ እስካመጣ ምን ልትሆኚ ነው ብዬ...» እንባ አቋርጧት ሳትጨርስ ቀረች።

ሩፊዳ ግን አላለቀሰችም። እፀገነትን አተኩራ ታያት ነበር።

«ሦስተኛውን እኛ አልጠራንም ቲቸር» አለች። «አለሁ ሲሉ ግን ሰምተናል። ለማን ነው ያሉት?»

እፀገነት እጇን ዘረጋችላት። እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ሱቁ ሄዱ። ባንኮኒው ላይ የዘሀቢያ ስልክ አሁንም ክፍት ነበር። ከመስመሩ ላይ የወጣ አባል የለም፤ ከሩቅ ወረዳ ያሉት ሁሉ ያዳምጣሉ።

«እፀገነት?» አሉ ጋሼ ባንተአምላክ።

«አለሁ ጋሼ።»

«አንቺሳ?»

ልማድ ነውና ደኅና ነኝ ልትል ነበር። «ደኅና አይደለሁም» አለች። «ከቆየ ቆይቷል። ብቻዬን አልቻልኩም።» ከዚያ ነው እንባው የመጣው፤ ስትነግራቸው ቆየች፤ ማሽላውንም፣ ድምፁንም፣ ልጅቷንም። የለም ያላት አልነበረም።

ማኅበር ሰው አይፈለፍልም፤ የጎደለው ባለሙያ በአንድ ጉባኤ አይሞላም። ነገር ግን ካንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይላል ያገሬ ሰው። ጋሼ ባንተአምላክ ከዘራቸውን ይዘው ሰው ካልተመደበ ብለው ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ተቀመጡ፤ አልነሣ አሉ። አባላቱ በተራ እየወረዱ ሊያግዟት ተስማሙ፤ መጀመሪያ የመጣችው ውባንች የምትባል የጎንደር ልጅ ናት። ግማሹን ትምህርት ቤት ወሰደችላት፤ ማታ ማታም አብራት ራት ትበላለች፤ ሙቀቱን እየረገመች። እፀገነት ራሷ ደግሞ ጎንደር ያለች አንዲት አባል ዘንድ እየሄደች የምታዳምጣት አገኘች።

ማሽላው ከታጨደ በኋላ ያለው ረቡዕ ላይ፣ እፀገነትና ውባንች በዘሀቢያ በረንዳ ተቀምጠው ነበር። መስኩ ገለጥ ብሏል፤ ጉቶ ብቻ፤ የሚደበቅበት ነገር የለም። እዚያ ውስጥ የተገኘው የእፀገነት ጥላ ብቻ ነው። ጋሼ ባንተአምላክ ስም መጥራት ሊጀምሩ ሲሉ እፀገነት አቋረጠቻቸው።

«ጋሼ፣ ካሌብን ይጥሩልኝ። ከጠፋ ወዲህ ስሙን የጠራው የለም።»

ከዚያ ሽማግሌው፣ አጠገባቸው ያለ ሰው የሚጠሩ ይመስል፣ «ካሌብ» አሉ። ጠበቁ። «ካሌብ።» ከመስኩ ላይ አንድ ግሪሳ እንኳ አልተነሣም። «ካሌብ» አሉ ሦስተኛውን።

ዘሀቢያ ሚዛኗን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «አለሁ በል እንግዲህ» አለች በሹክሹክታ፣ ወደ ባዶው መስክ እያየች። ሁሉም ጠበቁ። ስልኩን የዘጋ የለም።

ጋሼ ባንተአምላክ ወደ ቀጣዩ ስም አለፉ።

«እፀገነት።»

«አለሁ» አለች፣ በመጀመሪያው ጥሪ።